የኪዩቧ ርክክብ

እንቆቅልሽ የሚፈታ ሰው ብልህ ነው የሚለውን እምነት ማን እንዳመጣው አላውቅም፤ እንቆቅልሽ ይሸጥ የነበረ ሰው ይመስለኛል። እኔ በሕይወቴ ለመፍታት የተማርኩት አንድ ብቻ ነው፤ ያቺን በስድስት ቀለም የተለበጠች፣ እየተጠማዘዘች የምትደባለቅ ኪዩብ። የተማርኩትም ጎበዝ ለመባል ሳይሆን አንድ ጓደኛዬ ወደ ሚስቱና ወደ ልጁ እንዲሄድ ነው። መማሩስ ተሳክቷል።

ሚሊኒየሙ ካለፈ ጥቂት ዓመት ሆኖት ነበር። ሁለታችንም ከሰሜን መጥተን አርባ ምንጭ፣ ሴቻ ካለ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የምናስተምር ነበርን፤ እኔ ታሪክ፣ እሱ ፊዚክስ። እኔ ላጤ ስለነበርኩ የተመደብኩበት ሁሉ አገሬ ነበር። እሱ ግን ባለትዳር ነው። ሚስቱ ጎጃም ውስጥ በአንዲት ትንሽ ከተማ የጤና ጣቢያ ነርስ ናት፤ ሴት ልጃቸውም ከእሷ ጋር ናት። በየክረምቱ ይሄዳል፣ መስከረም ሲጠባ ይመለሳል። ልጅቷ በስልክ ስታናግረው “እንደምን ዋሉ?” ትለዋለች። እናቷ ትልቅ ሰው አክብሪ ብላ አስተምራታለች፤ አባቷንም የምታውቀው ከትልልቅ ሰዎች እንደ አንዱ አድርጋ ነው። አንድ ቀን “አንተ በይኝ እንጂ” ቢላት “እሺ፣ እርስዎ እንዳሉ” አለችው። ይህን ሲነግረኝ ይስቅ ነበር። አሳሳቁን አልወደድኩትም።

ኪዩቧን ያመጣቻት ሒሳብ ልታስተምር መጥታ የነበረች አንዲት ፈረንጅ በጎ ፈቃደኛ ናት። ስትሄድ ለፔዳጎጂካል ማዕከላችን አንድ ካርቶን ሙሉ ስጦታ ትታ ሄደች። ፔዳጎጂካል ማዕከል ማለት መምህራን ከካርቶን፣ ከጭቃና ከጠርሙስ ክዳን የሠሯቸው የትምህርት መርጃዎች የሚቀመጡበት፣ ተማሪ የማይገባበት ክፍል ነው። የማዕከሉ ተጠሪ ጓደኛዬ ስለነበር ዕቃውን ከንብረት ክፍል ፈርሞ ተረከበ። ኪዩቧ አዲስ ስለነበረች በየፊቷ አንድ አንድ ቀለም ብቻ ነበራት፤ እንዲያው እንዳለች ተመዘገበች፦ “ኪዩብ፣ ባለ ስድስት ቀለም፣ እያንዳንዱ ፊት አንድ ዓይነት፣ በመልካም ይዞታ ላይ የሚገኝ።” ከሥሯም የንብረት ቁጥር በቀለም ተጻፈባት። ማንም አልሳቀም። ስለ መጠማዘዟ የጻፈ የለም፤ ንብረት ይቀመጣል እንጂ አይጠማዘዝም።

ንብረት ክፍሉን የያዙት ሴትዮ የዚያው አካባቢ፣ የኦቾሎ ሰው ናቸው፤ በዕድሜ ስለሚበልጡን እትዬ እንላቸው ነበር። ክፉ ሰው አልነበሩም። ከእሳቸው በፊት የነበረው ሠራተኛ ወንበሮች ጎደሉበት ተብሎ ታስሯል። ወንበሮቹ ኋላ ለስብሰባ ተወስደው በቀሩበት አንድ አዳራሽ ውስጥ ተገኙ፤ ሰውየው ግን ሥራውም ጤናውም አልተመለሰለትም። እትዬ ይህን በዓይናቸው አይተዋል። ስለዚህ ዕቃ ሲረከቡ በማየት አይረኩም፤ ይዳስሳሉ፣ ይነቀንቃሉ፣ አንዳንዴም ያሸታሉ።

ኪዩቧ በመስታወት ቁም ሳጥን ውስጥ በክብር ተቀመጠች። ከዚያ አንድ ቀን ከበላይ መሥሪያ ቤት የመጡ ኃላፊ ማዕከሉን ጎብኝተው እዚያው ስለ ትምህርት ጥራት ይናገሩ ጀመር። ቁም ሳጥኑ ክፍት ነበር፤ የኃላፊው እጅ ደግሞ ሥራ ፈት ነበር። ኪዩቧን አንስተው እየተናገሩ ያጠማዝዟት ጀመር። “ጥራት” ሲሉ አንዴ፣ “የኅብረተሰብ ተሳትፎ” ሲሉ አንዴ። ንግግሩ ረጅም ነበር። ሲጨርሱ ዥንጉርጉሯን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ዓሣ ሊበሉ ወደ ታችኛው ከተማ፣ ወደ ሲቀላ ወረዱ። “ክቡርነትዎ፣ እንደነበረች አድርገው ይመልሱልኝ” የሚል ሰው በመካከላችን አልተገኘም።

ከዚያ በኋላ መምህራን ማረፊያ ውስጥ ከእጅ እጅ ዞረች። የሒሳብ ሰዎቻችን በተራ ሞከሯት። ቀዩን ፊት ከአንዲት ቁራጭ በስተቀር ሞሉና ሰለቻቸው። ጓደኛዬ ያንኑ ፊት ወደ መስታወቱ አዙሮ አስቀመጣት፤ የቀሩት አምስት ፊቶች ምን እንደሚመስሉ የሚያየው ግድግዳው ብቻ ሆነ። የሚቀጥለው ጉብኝት ሲደርስ ቢያያት ቀዩ ሙሉ ነው፤ የጎደለችው ገብታለች። ከሒሳብ ሰዎቹ አንዱ ተሳክቶለት ይሆናል ብሎ ደስ አለው። ነገሩ በዚሁ ተረሳ።

ቅያሪውን ያገኘው ያን ዓመት ነው። ከክልል ወደ ክልል መዛወር ለሚፈልግ መምህር የነበረው ተስፋ አንድ ነው፤ እሱ ካለበት መምጣት የሚፈልግ፣ እሱ ከሚፈልግበት ደግሞ መልቀቅ የሚፈልግ ሰው ማግኘት። ለዓመታት ሲያፈላልግ እዚሁ አርባ ምንጭ አቅራቢያ ያለችው የገረሴ ልጅ የሆነ፣ ሚስቱ ባለችበት ከተማ ፊዚክስ የሚያስተምር አንድ መምህር ተገኘለት። አባቱ ማረስ አቅቷቸዋል፤ መሬቱ ጦም ሊያድር ነው። ሁለቱ ተያይተው አያውቁም፤ በስልክ ግን እንደ እጮኛሞች ነበሩ።

“ወንድሜ፣ እንዳትከዳኝ” ይላል ያኛው።

“አንተ ብቻ ሐሳብህን እንዳትቀይር” ይላል ይሄኛው።

ሁለቱም ከየትምህርት ቤታቸው ክሊራንስ ይዘው አዲሱ ዓመት ሳይገባ ለዝውውሩ መቅረብ ነበረባቸው። ጓደኛዬ ያን ክረምት እንደ ሌላው ጊዜ ለጉብኝት አልሄደም፤ ጓዜን ጠቅልዬ እሄዳለሁ፣ ሁለት ጊዜ ምን አመላለሰኝ አለ። አልጋውን እንኳ ሸጦ መሬት ላይ ፍራሽ ዘርግቶ ይተኛ ነበር። ተስፋ ማለት ለእኔ ይህ ነው፤ አልጋን አሽጦ መሬት ላይ ማስተኛት።

ላይብረሪው ፈረመለት፣ ስፖርት ክፍሉ ፈረመለት፣ ቁጠባና ብድሩ ፈረመለት። የቀረው ንብረት ክፍል ነበር፤ አብሬው ሄድኩ። እትዬ መነጽራቸውን አድርገው ዕቃውን አንድ በአንድ ተቀበሉ። ሉሉን፣ ኮምፓሱን፣ ከጭቃ የተሠራውን እሳተ ገሞራ። ኪዩቧን ሲያነሱ አገላበጧት፤ ደግመው አገላበጧት።

“ይሄ ምንድን ነው?”

“ኪዩቧ ናት እትዬ።”

“እኔ የሰጠሁህ እንዲህ አይደለም።”

“ያችው ናት። ቁጥሯን ይመልከቱ።”

“ቁጥሩን አየሁት። ዥንጉርጉር ሆኖ ነው የመጣው። እዚህ ‘አንድ ዓይነት’ ይላል።”

“ተጠማዝዛ እኮ ነው።”

“ወንበር እግሩ ዞሮ ብታመጣልኝ ‘ተጠማዝዞ ነው’ ትለኛለህ?”

“እትዬ፣ ይቺ እንድትጠማዘዝ ነው የተሠራችው!”

“እሺ። እንግዲያው አጠማዝዘህ አምጣልኝ።”

ፍልስፍና ብዙ አንብቤያለሁ፤ ለዚህ መልስ ያለው መጽሐፍ ግን አላጋጠመኝም።

ሌላ ገዝቶ መተካትም አልሆነም። ሲቀላ ያሉት ሱቆች ከኳስና ከአሻንጉሊት መኪና ሌላ አልነበራቸውም፤ ከአዲስ አበባ ላስመጣ ቢል እትዬ “የተመዘገበውን እንጂ ወንድሙን አልቀበልም” አሉት። ግቢው ውስጥ ካለው ማንጎ ሥር ተቀምጠን መላ መታሁ።

“ቀለሞቹ ተለጣፊ ናቸው። ልጠህ በየቦታቸው ለጥፋቸው።”

“አላደርገውም።”

“ለምን?”

“ተማሪ ሲኮርጅ ወረቀቱን የምቀማ ሰው ነኝ።”

“ይሄ ፈተና አይደለም እኮ።”

“ነው እንጂ። መፍታት የሚቻል ነገር ከሆነ ፈተና ነው።”

ሐቀኛ ሰው ጓደኛ ማድረግ አድካሚ ነው፤ ለሌላውም ሥራ ያበዛል። እኔም አብሬው ለመማር ተስማማሁ።

ሲቀላ ወርደን ኢንተርኔት ቤት ገባን። ገጹ እየተንፏቀቀ ከላይ ወደ ታች ሲከፈት ብዙ ቆየ፤ መሃል ላይ መብራት ጠፋ፤ መብራት ሲመጣ እንደገና ከላይ ጀመረ። በመጨረሻ ታትሞ ሲወጣ ጽሑፉ አለ፣ ሥዕሎቹ የሉም። በየሥዕሉ ቦታ ባዶ አራት ማዕዘን ነበር። “ልክ በሥዕሉ ላይ እንደሚታየው” ይላል ጽሑፉ፤ ከሥሩ ባዶ ሳጥን። ስለዚህ መጀመሪያ የተማርነው የሌለውን ሥዕል ማየት ነው። በዚህ በኩል እኔ እሻል ነበር፤ ታሪክ አስተማሪ ስለሆንኩ ለምጄዋለሁ።

አሠራሩ በእንግሊዝኛ ፊደላት የተጻፈ ነበር፤ እያንዳንዱ ፊደል አንድ ፊትን ያመለክታል፣ ጭረት ካለበት ደግሞ ወደ ኋላ ማዞር ነው። ጓደኛዬ ልጅ ሳለ ቄስ ትምህርት ቤት ስለዋለ ይህን ሁሉ ወደ አማርኛ መለሰና ዜማ አበጀለት። “ቀኝ ወደ ላይ፣ አናት ወደ ግራ፣ ቀኝ ወደ ታች፣ አናት ወደ ቀኝ።” ዳዊት እንደሚደግም ሰው ወገቡን እያወዛወዘ ይለዋል። መሃሉ ላይ ሰው ሰላም ካለው አለቀ፤ የት እንደደረሰ ይጠፋዋል፣ ተሠርቶ የነበረው ሁሉ ይፈርሳል። እኔ ከፊቱ ተቀምጬ በጣቴ አፌን እየዘጋሁ መንገደኛውን ዝም አሰኛለሁ። አንዳንዱ ሰው ጸሎት መስሎት ቆቡን ያወልቃል።

ያኔ በየሥልጠናው ሽምደዳ ይጥፋ፣ ተማሪው ያስብ እየተባለ ይሰበክ ነበር። እኔ ሽምደዳን የምደግፍ ሰው አልነበርኩም፤ ሁሉም ሲያወግዘው ግን ደግ ነገር ሳይኖረው አይቀርም ብዬ ጠረጠርኩ። ኪዩቧ አረጋገጠችልኝ። በዓለም ላይ እሷን በደቂቃ ውስጥ ፈታ የሚባለው ሁሉ የሸመደደ ነው። በማሰብ ብቻ የሚደረስበት ቦታ የሒሳብ መምህራኖቻችን የደረሱበት ነው፤ ቀዩ ፊት፣ ከአንዲት ቁራጭ በስተቀር።

መጀመሪያ በነጩ ፊት ላይ መስቀል ማውጣትን፣ ቀጥሎ ከሦስቱ ድርቦች የታችኛውን፣ ቀጥሎ የመሃሉን ተማርን። ሐምሌ በዚህ አለቀ። ትምህርት ቤቱ ተዘግቶ ስለነበር ወሬ የጠማቸው ባልደረቦቻችን ከሰዓት ከሰዓት ማንጎው ሥር ይሰበሰባሉ። ነገሩ ለጉዞው መሆኑን ስለሚያውቁ እያንዳንዱን ድርብ ወደ ጎጃም በሚወስደው መንገድ ላይ ባለ አገር ስም ጠሩት።

“እህ መምህር፣ ዛሬ የት ደረስክ?”

“የታችኛውን ጨረስኩ።”

“ሶዶ ገባህ ማለት ነው። ምሳ በልተህ ቀጥል።”

መሃሉን ሲጨርስ “አዲስ አበባ ገባ!” ተባለ፤ አንዱ “ኪስህን ጠብቅ” አለው። ቢጫው አናት አንድ ዓይነት የሆነ ቀን ደግሞ ጭብጨባ ሆነ። “አባይ በረሃ ወርዷል! ከእንግዲህ ድልድዩን መሻገር ነው!” ጓደኛዬ ሲስቅ ጥርሱን ያየሁት ያን ሰሞን ነው። ማታ ለሚስቱ ደውሎ “እየደረስኩ ነው” ብሏታል። ከየት ወዴት እንደሚደርስ አልጠየቀችውም።

ድልድዩ ላይ ቆመ።

የቀሩት ሁለት ቁራጮች ነበሩ። ማዕዘኖቹ በሙሉ በቦታቸው ናቸው፤ ሁለቱ ድርቦች ልክ ናቸው፤ አናቱ ቢጫ ነው። በላይኛው ጠርዝ ላይ ግን ቀይ መሆን ያለበት ቦታ ሰማያዊ ገብቷል፣ ሰማያዊ መሆን ያለበት ቦታ ቀይ ገብቷል። እነዚህ ሁለቱ ቦታ ቢለዋወጡ አለቀ። ወረቀቱ ላይ ያለውን የመጨረሻ ዜማ ደገመው፤ ሌሎቹ ዞሩ፣ እነዚያ አልተገናኙም። ደገመው። አፈረሰና ከነጩ መስቀል ጀመረ፤ ሶዶን፣ አዲስ አበባን አልፎ በረሃውን ወርዶ ድልድዩ ላይ ደረሰ። ቀዩ የሰማያዊውን፣ ሰማያዊው የቀዩን ቦታ ይዘው ይጠብቁታል።

“አንድ ቦታ ተሳስቻለሁ” አለ።

እኔ ሠራሁት። ያው።

“ሁለታችንም አንድ ቦታ ላይ እንሳሳታለን ማለት ነው” አለ። የማያምነው ራሱን ብቻ ነበር፤ ኪዩቧን ለቅጽበት እንኳ አልጠረጠራትም። ዕቃ አይዋሽም የሚል የፊዚክስ ሰው እምነት አለው። ነሐሴን እንዲህ ገፋነው። ባልደረቦቻችን ቀልዱ ሰለቻቸው፤ “አሁንም በረሃው ውስጥ ነህ?” የሚለው የመጨረሻው ነበር፤ ከዚያ በኋላ መጠየቅ ነውር መሰላቸው መሰለኝ ተዉት። አንድ ከሰዓት ሁለቱን ቁራጮች በአውራ ጣቱ እየነካካ “እኔንና የገረሴውን ልጅ ይመስላሉ” አለኝ።

“አትጀምር” አልኩት። መከራውን ምሳሌ ማድረግ የጀመረ ሰው ሊለምደው ነው።

የገረሴው ልጅ በየጊዜው ይደውላል። ክሊራንሱን ከጨረሰ ሰንብቷል።

“ወንድሜ፣ ምን ያዘህ?”

“አንዲት ዕቃ ቀርታኛለች።”

“ምን ዕቃ?”

“የትምህርት መርጃ። ትንሽ ናት።”

“ትንሽ ከሆነች በቃ ተዋታ።”

“እሺ፣ ሰሞኑን” ይላል። የሚለው ሌላ ምን አለ?

ጳጉሜን ሲቃረብ ወረቀታችን ጎድሎ እንደሆነ ብለን ሌላ አሠራር ፍለጋ ወደ ኢንተርኔት ቤቱ ተመለስን። እዚያ አንድ ወጣት ነበር፤ ከዩኒቨርሲቲው በምህንድስና ተመርቆ አዲስ አበባ ቤተሰቦቹ ጋ ባዶ እጄን አልገባም ብሎ የቀረ፣ በየጠዋቱ ክፍት የሥራ ቦታ የሚፈልግ። ኪዩቧን ሲያያት ዓይኑ በራ። “ቲቸር፣ አንዴ ልያት?” አለና ከእጃችን ወሰዳት። እኛ አንድ ክረምት የፈጀንበትን እየሳቀ፣ እያወራ ሠራው። ከዚያ እጁ ቆመ። ቀይ በሰማያዊው ቦታ፣ ሰማያዊ በቀዩ ቦታ። አዙሮ አያትና ከት ብሎ ሳቀ።

“ቲቸር፣ ይቺ አትፈታም።”

“አንተም አልቻልክም ማለት ነው?” አለ ጓደኛዬ፤ ቅር ያለው ይመስላል።

“እኔ ብቻ ሳልሆን ማንም አይችልም። ሁለት ቁራጭ ብቻቸውን አይቀያየሩም፤ የግድ ሌላ ጥንድ አብሯቸው መቀያየር አለበት። አሠራሯ ነው። እንዲህ ሆና የምትቀረው ሰው ሲነካት ነው።” ጥፍሩን በሰማያዊው ተለጣፊ ጠርዝ ሥር ሰደደ። “ይኸው፣ እዩት። ተልጦ ነበር። የሁለቱን ተለጣፊ አቀያይረውታል። ከመካከላችሁ ማነው ያጠፋው?”

ጓደኛዬ ተቀብሎ ወደ በሩ ብርሃን አቀረባት። ጠርዙ ተጨማዷል፤ ከሥሩ አቧራ ገብቷል። አቧራውን በጣቱ ደጋግሞ ጠረገው። ወጣቱ ተደናግጦ “ችግር የለውም እኮ ቲቸር፣ ሁለቱን መልሶ መለጠፍ ነው፣ አለቀ” አለ።

ሴቻ ወጥተን ንብረት ክፍል ገባን። የቁም ሳጥኑ ቁልፍ ከጓደኛዬ ሌላ ያለው ከእትዬ ዘንድ ብቻ ነው። ጓደኛዬ ጠርጥሮ አልነበረም የጠየቃቸው፤ ያዩት ነገር ካለ ብሎ ነው።

“እትዬ፣ ያለፈው ጉብኝት ጊዜ ይቺን የነካት ሰው ያውቃሉ?”

“እኔ ነኛ!” አሉ፤ ፊታቸው በራ። “ፊቱን አሳምሩት ተብለን የለ? አንድ ሰማያዊ ቀዩ መሃል ገብቶ ያስቀይም ነበር። በጥፍሬ ላጥ አደረግኩና ከጀርባ ካለው ቀይ ጋር ለዋወጥኩት። ማንም አላወቀም። አንተም አላወቅክም፣ አየህ?”

“አላወቅኩም” አለ።

ከዚያ በተማሪ ፊት እንደሚቆም ሆኖ፣ ቀስ ብሎ፣ ያ ቅያሪ ከተደረገ ወዲህ ኪዩቧ በምንም መንገድ ልትፈታ እንደማትችል አስረዳቸው። እትዬ እስከ መጨረሻው ሰሙት። መነጽራቸውን አወለቁ።

“ንብረት ያበላሸሽ አንቺ ነሽ ነው የምትለኝ?”

“አላልኩም እትዬ።”

“ልትጽፍብኝ ነው?”

“ምን እጽፋለሁ?”

“ከእኔ በፊት የነበረውን ሰው ታውቀዋለህ መምህር። እኔ ልጆች አሉኝ። ለጉብኝቱ ብዬ ነው፤ ለትምህርት ቤቱ ብዬ ነው።” ቁልፎቹን በሁለት እጃቸው ጨብጠዋቸዋል።

“ጻፍ” አልኩት በጆሮው። “በአንድ መስመር ምስክር ሆኜ እፈርማለሁ። ዛሬውኑ ይለቁሃል።”

አልሰማኝም፤ ወይም ሰምቶ ተወኝ። “የሚጻፍ ነገር የለም እትዬ” አላቸውና ወጣ።

ማንጎው ሥር ተቀምጦ ለመጨረሻ ጊዜ ከመጀመሪያው ሠራት። ዜማውን ጮክ ብሎ አላለውም፤ ከንፈሩ ብቻ ይንቀሳቀስ ነበር። ድልድዩ ላይ ሲደርስ ቀዩንና ሰማያዊውን በጥፍሩ ላጣቸው፣ አለዋወጣቸው፣ በአውራ ጣቱ ተጫናቸው። አለቀ። ሻይ ጠጥቶ ከመጨረስ ያነሰ ጊዜ ነው የወሰደው። በሰኔ መጨረሻ ያልኩት ይህንኑ ነበር፤ ልክ ነበርኩ፤ ልክ መሆኔ ግን ከሰኔ እስከዚያን ቀን ድረስ ለማንም አልጠቀመም። ሐቀኛው መንገድ እሱ ከመጀመሩ ወራት በፊት ተዘግቶ ነበር፤ የዘጉትም መልካም የዋሉ የመሰላቸው ሴት ናቸው፤ እንዲከፈት የሚጠይቁትም እሳቸው ናቸው። እዚህ ውስጥ አንድ ጥፋተኛ ፈልጌ አጥቻለሁ። ጥፋተኛ የሌለው ነገር ደግሞ አይስተካከልም።

እትዬ ስድስቱንም ፊት ዳሰሱ። የተጨማደደውን ጠርዝ ጣታቸው ሲያገኘው ለቅጽበት ቆመ፤ አለፉት። ማኅተሙን ሁለት ጊዜ መቱለት። “ድሮም እንደማያቅትህ አውቄ ነበር” አሉት፤ እውነታቸውን ነው።

ክሊራንሱን እንደያዘ ስልክ ልንደውል ሲቀላ ወረድን። መጀመሪያ የገረሴውን ልጅ አገኘው። እኔ የምሰማው የአንዱን ወገን ብቻ ነው።

“ጨረስኩ ወንድሜ! በእጄ ነው!... እንዴ... መቼ?... አይ... አይ፣ ገባኝ... አባትህ እንዴት ናቸው?... ገባኝ አልኩህ እኮ... ከማን ጋር?... ጨንቻ... አይ፣ ጨንቻም ለአንተ ቅርብ ነው። ይቅናህ።”

የገረሴው ልጅ ከሁለት ሳምንት በፊት ጨንቻ ካለ ሌላ የጎጃም ልጅ ጋር ተፈራርሞ ወረቀቱ አልቆለታል። ከዚያ ወዲህ ሲደውል አፍሮ ሳይናገር ይቀር ነበር። ያ ምሩቅ ኪዩቧን ባነሳት ሰዓት ነገሩ ካለቀ ቆይቷል።

ቀጥሎ ለሚስቱ ደወለ። የእሷ ድምፅ ጎላ ያለ ስለሆነ ይሰማኛል።

“ቀረ” አላት።

“ምን ሆኖ?”

“አንዲት ኪዩብ ነበረች...”

“ምን?”

“ኪዩብ። የምትጠማዘዝ፣ ቀለም ያላት...”

“አልሰማህም፣ ምን አልክ?”

አየኝ። ፀሐይዋ ግንባሩ ላይ ነበረች፤ ባጃጆቹ ይጮሃሉ። ይህን ነገር ከጎጃም ሆና ስትሰማው ምን እንደሚመስል ያኔ የገባው ይመስለኛል። ለዓመታት የጠበቀች ሴት ባሏ በመጫወቻ ምክንያት ቀረሁ ቢላት ሌላ ሴት አለች ብላ ብታስብ ማን ይፈርድባታል?

“ወረቀት ነው” አላት። “ወረቀት ያዘኝ።”

“አይ፣ ወረቀት” አለች፤ ወዲያው ገባት። “ወረቀት ከሆነ ምን ይደረጋል። እንግዲህ ልጅቷን እዚሁ አስመዘግባታለሁ።”

“አስመዝግቢያት።”

“ለበዓሉስ ትመጣለህ?”

“ትምህርት ይጀመራል።”

“እሺ” አለች። ስልኩ ተዘጋ።

በዚያው ሳምንት ርእሰ መምህሩ አስጠርተው፣ ካልሄድክ ማዕከሉን መልሰህ ተረከብ አሉት። ተረከበ። ከዚያ ወዲህ ባሉት ዓመታት ከጎጃም የሚቀያየረው ሰው አልተገኘም፤ እሱም መጀመሪያ ላይ በከፊል፣ ኋላ ጨርሶ መፈለጉን ተወ። ሚስቱ በስተመጨረሻ የራሷን ኑሮ መሠረተች፤ ማንም አልወቀሳትም፤ እሱም ቢሆን። እኔ ኪዩቧን አሁንም ዓይኔን ጨፍኜ ልሠራት ትንሽ ነው የሚቀረኝ። ሰዎች አይተው “ጎበዝ ነህ” ይሉኛል።

ያን ቀን ግን ስልክ ቤቱ ደጃፍ ላይ ለብዙ ጊዜ ቆመን ነበር። እኔ ሰውን በተስፋ መደለል የማልወድ፣ አጽናኝ ሲመጣ ከለቅሶ ቤት የምወጣ ሰው ነኝ። ሆኖም ፊቱን ሳየው ከአፌ ወጣ።

“ለከርሞ ሌላ ሰው አይጠፋም” አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ።

“አንተ ነህ ይሄን የምትለኝ?”

ወደ ሴቻ የሚወጣ ባጃጅ አጠገባችን ቆመ። ሦስት ሰው ጭኖ የአንድ ሰው ቦታ ነበር የቀረው፤ እሱ ገባ፣ እኔ ዳገቱን በእግሬ ወጣሁት።